ተራርቀው ለሚሠሩ ሰዎች የሚገባ የመልእክት መሣሪያ

ሰው ብቻውን ሆኖ ሊፈጽመው የሚችለው ሥራ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያገራችን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ባንድነት ተሰብስበው ማረስን፣ ማጨድን፣ መውቃትንና ቤት መሥራትን ልማድ አድርገው ኖረዋል፤ ደቦና ወንፈል የሚባለውም ይኸው ነው። በደቦ ላይ ለዋሉ ሰዎች መነጋገሪያ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም፤ ባለ እርሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢጣራ ሁሉም ይሰማዋልና። በዚህ በኛ ዘመን ግን ያንድ ሥራ ባልደረቦች ባንድ ማሳ ላይ መቆማቸው እየቀረ ሄዷል። አንዱ በኩየራ፣ ሁለተኛው በኮፈሌ፣ ሦስተኛው በአዳማ፣ አራተኛው ባዲስ አበባ ሆኖ፣ ወራት እስኪያልፉ ድረስ ፊት ለፊት ሳይተያዩ የሚሠሩት ሥራ ግን አንድ ነው። እነዚህን ሰዎች ባንድ ልብ የሚያሠራቸው የሚላላኩበት መሣሪያ ነው። ይህን መሣሪያ ብዙ ሰው ይገዛዋል እንጂ አይመርጠውም፤ ዛሬ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይህ ነገር ነው።

ኩየራን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ካዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ አርሲ ነገሌን ካለፈ በኋላ፣ ሻሸመኔ ሳይደርስ የሚያገኛት ከተማ ናት። በትምህርት ቤቷና በሆስፒታሏ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ትታወቃለች፤ ዛሬ ኮሌጅ የሆነው የአድቬንቲስት ትምህርት ቤት የተከፈተባት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ነው። በዋናው መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ስልኩ እንደ ልቡ ይታዘዝለታል። ከመንገዱ በስተ ምሥራቅ ወደ ደጋው፣ ስንዴና ድንች ወደሚበቅልበት አገር የወጣ ሰው ግን፣ እግሩ ሳይደክም ስልኩ የሚደክምበት ስፍራ ያጋጥመዋል። አንዱ ጉብታ ላይ ሲወጣ ድምፅ ይሰማል፤ ወደ ሸለቆው ሲወርድ ዝም ይላል። ከተማይቱና ደጋው ቅርብ ለቅርብ ሲሆኑ፣ በመልእክት በኩል የተራራቁ አገሮች ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ አገር የዘር ድንች የሚያበዙ ገበሬዎችን ከገዥ ጋር በሚያገናኝ ሥራ ላይ ዘጠኝ ሰዎች ተሰማርተን ነበር። አራቱ ገበሬዎች በደጋው፣ ሁለቱ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በየቀበሌያቸው፣ እኔና አንድ ባልደረባዬ በኩየራ፣ የገዥው ወኪል ደግሞ በአዳማ ነበርን። ወኪሉ ትጉህ ሰው ነው፤ ሥራው በተጀመረበት ቀን በስልኩ ላይ በቴሌግራም አንድ የጋራ ቡድን ከፈተና «እንግዲህ ሁሉም ነገር የሚነገረው በዚህ ነው» ብሎ አስታወቀ። እኛም ሥራው የተቃና መስሎን ደስ አለን። ከአራቱ ገበሬዎች የሁለቱ ስልክ ባለ ቁልፍ መሆኑን፣ ከነዚያም አንደኛው በቁቤ እንጂ በግዕዝ ፊደል የማያነቡ መሆናቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ድንቹ ረቡዕ ተቆፍሮ ሐሙስ እንዲጫን ተወስኖ ሳለ፣ እሑድ ማታ በ4 ሰዓት ወኪሉ «መኪናው ሐሙስ ሌላ ጉዞ ስላለበት ማክሰኞ ይመጣል» ብሎ በቡድኑ ጻፈ። አምስት ሰዎች አየነው፤ ሦስታችን የአውራ ጣት ምልክት አደረግንበት። ሌሎቹ እንዳላዩት ማወቅ ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን እያንዳንዳችን ሌላው ይነግራቸዋል ብለን ተኛን። ማክሰኞ ጧት አይሱዙው ደጋውን ወጥቶ ከማሳው ዳር ሲደርስ አንድ ድንች ስንኳ ከመሬት አልወጣም። ሾፌሩ እስከ እኩለ ቀን ጠብቆ ባዶውን ተመለሰ። ገበሬዎቹም መኪናው ቶሎ የሚመለስ መስሏቸው፣ በቀደመው ቀጠሮ መሠረት ረቡዕ ቆፍረው በጆንያ አድርገው በመንገድ ዳር ከመሩት። መኪናው የተመለሰው በዘጠነኛው ቀን ነው። ወራቱ ዝናም የማያጣው ነበርና ከሦስት እጅ አንዱ በሰበሰ። ለምግብ የሚሆን ቢሆን ኪሳራው ያንድ ወቅት ይሆን ነበር፤ ለዘር የሚሆን ስለ ነበረ ግን ጉዳቱ በሚመጣው ዓመት ማሳ ላይም ታየ።

ነገሩን ለመመርመር በተሰበሰብን ጊዜ ወኪሉ «እኔ መልእክቱን ልኬአለሁ» አለ፤ ስልኩንም አውጥቶ አሳየን። እውነቱን ነው፤ ልኳል። ከገበሬዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ደግሞ «እኔ ዘንድ የመጣ ነገር የለም» አሉ። እርሳቸውም እውነታቸውን ነው። መላክና መድረስ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን እኛ በዚያ ቀን ተማርን፤ የትምህርቱን ዋጋ የከፈሉት ግን መልእክቱን ያላዩት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጉዳይ ደጋግሜ ሳስብ ኖሬ የደረስሁበት ሐሳብ አንድ ነው። በዚያ ሥራ ላይ መሣሪያውን የመረጠው ከሁሉ የተሻለ ስልክ፣ ከሁሉ የተሻለ መሥመርና ከሁሉ የተሻለ የመብራት ኃይል የነበረው ሰው ነው። በመሥሪያ ቤቶችም ሁሉ የሚሆነው ይኸው ነው፤ አለቃው በእጁ ያለውን መሣሪያ ይመለከትና ያን ለሁሉ ያዛል። የሚገባው ግን ተገልብጦ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው በዳር ያለው፣ መሥመሩ የሚቆራረጥበት፣ ስልኩን በሳምንት ሁለት ጊዜ ጎረቤት ሄዶ ቻርጅ የሚያደርገው ሰው ምን ሊቀበልና በምን ሊመልስ እንደሚችል ነው። ለርሱ የሚደርሰው ለሌላው ሁሉ ይደርሳል፤ ለሌላው የሚደርሰው ግን ለርሱ ላይደርስ ይችላል። በመሥሪያ ቤት ያለው ሰው ከለመደው ዝቅ ብሎ ባጭር መልእክት ቢጽፍ የሚጎዳው ምቾቱ ብቻ ነው።

ይህን ስል አዲሱን መሣሪያ መንቀፌ አይደለም። የቀደሙ ሰዎች ስንኳ ለልዩ ልዩ ቃል ልዩ ልዩ መንገድ ያስፈልጋል ብለው ነበር። በቤተ መንግሥት አፈ ንጉሥ የሚባል ሹም ነበረ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ የሚባል ሌላ ሹምም ነበረ። የፊተኛው ስሙ እንደሚያስረዳው የንጉሥ አፍ ሲሆን በኋላ የዳኞች የበላይ ሆኗል፤ የኋለኛው የሚጻፈውን የሚያጽፍና ማኅተም የሚጠብቅ ነው። ባፍ የሚነገረውና በጽሑፍ የሚቀመጠው አንድ አለመሆኑን ከሹመቱ ስም መረዳት ይቻላል። እኛም በዚህ ዘመን ከዚህ የራቀ ጥበብ አያስፈልገንም። ቶሎ መደረግ ያለበት ነገር በድምፅ ይነገር፤ ነገ የሚጠየቅበት ነገር በጽሑፍ ይኑር፤ ሁለቱንም የሚሻ ነገር ቢኖር አስቀድሞ ይነገር፣ ወዲያውም ይጻፍ። የመኪናው ቀን መለወጥ ይህን የመሰለ ነገር ነበር።

ስልክ ወዳገራችን ከገባ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ተጀመረ የሚባለው ሥራ፣ ባጼ ምኒልክ ዘመን ካዲስ አበባ እስከ ሐረር 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ የተዘረጋበት ነው። ከሽቦው ጋር የመጣው ቴሌግራም በየቃሉ የሚከፈልበት ስለ ነበር፣ ሰው ከመላኩ አስቀድሞ ቃሉን በጣቱ ይቆጥር ነበር፤ ስለዚህ የማያስፈልግ ቃል አልነበረበትም። ዛሬ ቴሌግራም የሚለው ስም ለሌላ ነገር ሆኗል፤ አዲሱ ቴሌግራም ደግሞ ቃል የማይቆጠርበት በመሆኑ፣ ባንድ የሥራ ቡድን ውስጥ ከትእዛዙ በፊት አርባ የእንኳን አደረሳችሁ ሥዕል፣ ከትእዛዙም በኋላ ሃያ አሜን ይነበባል። አሜን ማለት መልካም ነው፤ ግን መኪናው የሚመጣበትን ቀን ከሥሩ ቀበረው። የዋጋ መርከስ ያመጣው ይህ ጉዳት በስም ያው፣ በግብር ተቃራኒ በሆነ መሣሪያ ላይ መታየቱ ያስገርመኛል።

ተራርቀው የሚሠሩ ሰዎች መሣሪያቸውን በሚገባ መርጠው ሥራ የሠሩበት ምሳሌ ባገራችን የለም እንዳይባል፣ ከኛው አካባቢ አንዱን ልጥቀስ። አርሲና ምዕራብ አርሲ የስንዴ አገር መሆኑን ሁሉ ያውቃል። የስንዴ ጠላት ዋግ ነው። በ2002 ዓ. ም. ክረምትና በ2003 ዓ. ም. መባቻ ቢጫ ዋግ ተነሥቶ፣ ኩብሳ የተባለውን ብዙ ገበሬ የሚዘራውን ስንዴ አጠቃ። በ2006 ዓ. ም. መባቻ ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ መታ፤ ዲገሉ ቢጫውን ዋግ ይቋቋማል ተብሎ ገበሬው ተስፋ የጣለበት ነበረ። ዋግ በነፋስ የሚሄድ ዱቄት ነው፤ ከማሳ ወደ ማሳ፣ ካገር ወዳገር ይበራል። መድኃኒት አለው፤ ዳሩ ግን ቅጠሉ ወይም ግንዱ ከተሸፈነ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት ገንዘብ ማባከን ነው። እንግዲህ ጉዳዩ ሁሉ የጊዜ ጉዳይ፣ የጊዜውም ጉዳይ የመልእክት ጉዳይ ሆነ።

በ2010ዎቹ ዓ. ም. የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤትና በዚያን ጊዜ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ተባብረው ዋግን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሥራ አቋቋሙ። አሠራሩ እንዲህ ነው። መርማሪዎች በየማሳው እየዞሩ የታየውን ዋግ፣ ዓይነቱንና ብርታቱን ከስፍራው ጋር በዘመናዊ ስልክ ላይ ባለ ቅጽ ይመዘግባሉ፤ መሥመር ያለበት ስፍራ ሲደርሱ ይልኩታል። የተላከው ቃል ከነፋሱ፣ ከሙቀቱና ከእርጥበቱ ትንበያ ጋር ተገናኝቶ፣ ዱቄቱ በሚመጡት ሰባት ቀኖች ወዴት ሊሄድ እንደሚችል በኮምፒውተር ይሰላል። የስሌቱ ፍሬ ወዳገራችን ተመልሶ ለምርምር ማዕከሎችና ለግብርና ቢሮዎች ይሠራጫል፤ በየቀበሌው ላሉ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ባጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሳል።

ለገበሬው ደግሞ በ2006 ዓ. ም. የተከፈተው 8028 የተባለው የስልክ ቁጥር ነበረለት። ገበሬው ያለ ክፍያ ይደውላል፤ ቁጥር በመጫን ቋንቋውን ይመርጣል፤ ስለሚዘራው እህልም የተቀዳ ምክር በጆሮው ይሰማል። ለዚህ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል፤ ማንበብም አያስፈልግም።

በዚህ አሠራር የሚያስደንቀኝ የኮምፒውተሩ ስሌት ብቻ አይደለም። ባንድ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ባንድ መሣሪያ ይገናኙ ያለ ሰው አለመኖሩ ነው። በካምብሪጅ ላለው ኢንተርኔት፣ በማሳ ለሚዞረው መርማሪ መሥመር በሌለበት ጭምር የሚመዘግብ ስልክ፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሁለት ሦስት መሥመር ጽሑፍ፣ ለገበሬው ድምፅ ተሰጠው። መልእክቱ አንድ ሆኖ ልብሱ ግን እንደ ተቀባዩ ተለወጠ። ይህ ነገር ብዙ ድካምና ገንዘብ የጠየቀ ነው፤ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ያሉበት ሥራ ግን ያንኑ ሐሳብ ያለ ወጪ ሊፈጽመው ይችላል።

ስለ አጭር የጽሑፍ መልእክት አንድ ነገር ማስረዳት የሚገባ ይመስለኛል፤ በየቀኑ የምንጠቀምበት ሆኖ ሳለ ልኩን የሚያውቅ ጥቂት ነውና። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው። በላቲን በተጻፈ መልእክት መካከል አንድ የግዕዝ ፊደል ብትገባ ስንኳ ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። የኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድ ምልክት ስለሚያስር ጉዳቱ ከቁጥሩ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ረዘም ያለ ትእዛዝ ከሁለትና ከሦስት ይከፈላል፤ ሒሳቡም በዚያው መጠን ይሆናል። አንዳንድ አሮጌ ስልክ ደግሞ ፊደላችንን ማሳየት ስለማይችል በፊደሉ ስፍራ ባዶ ሣጥን ይደረድራል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል መጻፍ ለመደ። በዚያ አጻጻፍ ተ እና ጠ አንድ ይሆናሉ፤ «መኪናው መጣ» የተባለው «መኪናው መታ» ሆኖ ይነበባል። የተነበበለት ቤተሰብ እንደምን እንደሚደነግጥ መገመት አያስቸግርም። በኦሮምኛ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ችግር ነጻ ነው፤ ቁቤ ላቲን ነውና 160ውን እንዳለ ያገኛል። በኛ አገር፣ አንዱ ኦሮምኛ፣ ሌላው አማርኛ፣ ሌላውም ወላይትኛ ወይም ሲዳምኛ በሚናገርበት ስፍራ፣ መሣሪያ መምረጥ ማለት ቋንቋና ፊደል መምረጥም ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ለማንበብና ለመጻፍ የማይመቸው ሰው ድምፁን ቀድቶ መላክ መቻሉ ታላቅ በረከት ነው፤ ዘመናዊ ስልክ ከሰጠን ነገር ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ። ዳሩ ግን የሁለት ሳምንት የድምፅ መልእክት ከተከማቸ በኋላ «ዋጋው ስንት ተባለ?» ብሎ የሚፈልግ ሰው ሁሉንም እንደ ገና ማዳመጥ አለበት። ስለዚህ በድምፅ የመጣውን ቍም ነገር አንድ ሰው በአንድ መሥመር ጽፎ ቢያስቀምጠው ይሻላል። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ቀን መታወቅ አለበት፤ ሁሉም የሚጽፈው ማንም አይጽፈውም።

ሌላም ነገር አለ። በጋራ ቡድን ፊት አለቃን ወይም በዕድሜ የሚበልጥን ሰው «ተሳስተዋል» ማለት ባገራችን ልማድ ይከብዳል፤ ዝምታውም እንደ ስምምነት ይቈጠራል። የተሳሳተ ትእዛዝ ዝም ተብሎ ሲፈጸም ከዚህ የተነሣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ምክር የሚሻ ነገር ለብቻ በስልክ ቢነገር፣ በቡድኑ የሚጻፈው የተወሰነው ብቻ ቢሆን ይበጃል።

መሣሪያው ሁለት እንጂ አንድ ብቻ እንዳይሆን የሚያስገድደን ምክንያትም አለ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ. ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ባገሪቱ ተቋርጦ ነበር። በዚያ ወራት ሻሸመኔ በእሳትና በሞት ብርቱ ጉዳት የደረሰባት መሆኑን የሚረሳ የለም። ከኩየራ የሻሸመኔን ዘመዱን፣ ከአዲስ አበባ የኩየራን ሠራተኛውን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነበር፤ የባልደረቦቹን ስም በኢንተርኔት ቡድን ውስጥ ብቻ የሚያውቅ፣ የስልክ ቁጥራቸውን ግን በወረቀት ያልጻፈ ሰው ማንን በምን እንደሚጠይቅ ግራ ገባው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ መሥመር የሚቋረጥበት ቀን ይመጣል፤ የወደቀ እንጨት፣ የተቆረጠ ገመድ፣ የጠፋ መብራት ይበቃል። በ2015 ዓ. ም. ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሁለተኛ ሆኖ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አንዱ በማይሰማበት ስፍራ ሌላው የሚሰማበት ጊዜ አለና፣ በየስፍራው የትኛው እንደሚሠራ ፈትኖ ማወቅ ጥቅም አለው። ሁለቱም በማይደርሱበት በረሃ የርዳታ ሠራተኞች የሬዲዮ መነጋገሪያ ይዘው ይሄዳሉ፤ እርሱ ግን ፈቃድና ሥልጠና የሚጠይቅ በመሆኑ የኛን የመሰለ ሥራ አይመለከተውም።

ስለ ወጪው ደግሞ ሳይነገር ማለፍ አይገባም። ብዙ ቀጣሪዎች ሠራተኛው በገዛ ስልኩ፣ በገዛ ካርዱና በገዛ ፓኬጁ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ እንዲሠራ ያደርጋሉ። መልስ ሲዘገይም ይገሥጹታል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከደመወዝዋ ቀንሳ የምትሞላው ካርድ ለመሥሪያ ቤቱ የማይታይ ግብር ነው። ማረሻ ያልሰጠ ጌታ ለምን አልታረሰም ብሎ ቢጠይቅ ሁሉ ይስቅበት ነበር፤ በስልክ ጊዜ ግን የሚስቅ አላየሁም። መሣሪያ የሚመርጥ መሥሪያ ቤት የመሣሪያውን ዋጋ አብሮ ይቁረጥ።

በጤና ሥራ በኩል ነገሩ ከገንዘብ በላይ ይሆናል። ከ1990ዎቹ ዓ. ም. አጋማሽ ጀምሮ በየገጠሩ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከጤና ጣቢያና ከሆስፒታል ጋር የሚገናኙት በስልክ ነው። ምጥ የጠናባት እናት ስትኖር መጻፍ ሳይሆን መደወል እንደሚገባ ማንም ይረዳል፤ ጽሑፍ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሕይወት አይጠብቅምና። የማይረዱት ግን ሌላ ነው። የበሽተኛን ቁስል ወይም የምርመራ ወረቀት ከነስሙ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ መቶ ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ «ምን ይደረግ?» ብሎ መላክ ልማድ እየሆነ ነው። ልቡናው ለመርዳት ነው፤ ግን ያ ሥዕል ከመቶው ስልክ ወደ የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። በትንሽ ከተማ፣ ሁሉ በሚተዋወቅበት ስፍራ፣ ያንድ ሰው የበሽታ ስም ከሆስፒታሉ በር ወጥቶ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። በ2016 ዓ. ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ አዋጁ ግን በየስልኩ ውስጥ ገብቶ አይጠብቅም። የበሽተኛ ነገር ለሚመለከተው ሐኪም ለብቻ ይነገር፤ ስሙም ይቅር።

መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ደግሞ በሠራተኛው የግል ስልክ ላይ የተመላለሰውን ትእዛዝ እንደ መዝገብ ሊቈጥረው አይገባም። ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ስልኩ ሲጠፋ የመሥሪያ ቤቱ ሐሳብ ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ተተኪው ባዶ ወንበር ይረከባል። ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ዝግተኛ ነው ተብሎ ይታማል፤ ግን ተፈልጎ ይገኛል።

እኛ ከዚያ ኪሳራ በኋላ ያደረግነው ብዙ አይደለም። የዘጠኛችንን ስም፣ የስልክ ቁጥር፣ የስልክ ዓይነት፣ ቋንቋና ፊደል፣ መሥመር የሚያገኝበትን ሰዓትና እርሱ ካልተገኘ የሚነገርለትን ጎረቤት ባንድ ወረቀት ጽፈን በየቤታችን ለጠፍን። ቡድኑን አልዘጋነውም፤ የእንኳን አደረሳችሁ ሥዕልም እንደ ልቡ ይመላለስበታል። የቀን፣ የዋጋና የመኪና ነገር ግን በድምፅ ተነግሮ፣ ተቀባዩ የሰማውን በገዛ አፉ ደግሞ ካልመለሰው እንደ ተነገረ አይቈጠርም። ከዚያ በኋላ በየፊደላቸው ባጭር መልእክት ይጻፍላቸዋል። የካርዱን ገንዘብ ከሽያጩ ላይ ገዥው እንዲከፍል ተስማማን፤ ለዚህ ያደረግነው ክርክር ከሌላው ሁሉ የረዘመ ነበር።

ባለፈው ክረምት የመጫኛው ቀን እንደ ገና ከዓርብ ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። ወደ ደጋው ደወልሁ። ሽማግሌው ገበሬ ከጉብታው ላይ ሆነው በኦሮምኛ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጆንያውን ቁጥር አንድ ባንድ ደግመው ነገሩኝ። ከዚያም «ለጎረቤቴ እኔ እነግረዋለሁ፤ አንተ ግን ለርሱም ደውልለት» ብለው ስልኩን ዘጉ።